ሳይሞቅ የሚቀላ ጌጅ

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ጥር ወር ላይ፣ የሙሐዲን ፔጆ ሳትሞቅ መሞቅ ጀመረች።

በአንድ ማለዳ ከፈረስ መጋላ ሦስት ሴቶችን ከነዘንቢላቸው ጭኖ ወደ ሐማሬሳ ወጣ። ብርዱ ገና ስላልለቀቀ ሴቶቹ ሻሻቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበውታል። ሙሐዲን የከተማውን መውጫ ሳያልፍ የሙቀት ጌጁን አየት አደረገ። ጠቋሚዋ ቀይ ውስጥ ገብታለች። ዳር ይዞ ቆመና ኮፈኖውን ከፈተ። እንፋሎት የለም፤ የሚንተከተክ ነገርም አይሰማም። መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አሳረፈ፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ሲያዞረው ውሃው አፉ ድረስ ሞልቶ ጸጥ ብሏል። ክዳኑን መልሶ ገጠመ፤ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ጠቋሚዋ እዚያው ቀይ ላይ ናት።

"ምን ሆነች?" አለች ከኋላ የተቀመጠችው ሴት።

"ሞቃለች ትላለች።"

"ማን ናት የምትለው?"

"ይቺ።" ጠቋሚዋን በጣቱ አሳያት።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

እጁ አልሞቀችም ይለዋል፤ ዓይኑ ደግሞ ሞቃለች። ትንሽ እንታገሥ ብሎ አስር ደቂቃ ያህል ቆመ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ዘንቢላቸውን አውርደው የመጣውን ሚኒባስ አስቆሙ። እሱም ባዶውን ተመለሰ፤ ሸዋ በር እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ራዲያተሩን ዳበሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለብ ያለ ነበር።

ሙሐዲን የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። የተወለደው ከኮምቦልቻ ወዲያ ባለ የገበሬ መንደር ሲሆን፣ መሪ ጨብጦ ሐረር የገባው በጉብዝናው ጊዜ ነው። ፔጆዋ የሐጂ ኢስሓቅ ናት። ሐጂ ድሮ በጨርቅ ንግድ የታወቁ የጀጎል ሰው ነበሩ፤ አሁን ሰማንያን ስላለፉ ከቤት እምብዛም አይወጡም። ሙሐዲን ይህችን መኪና ለሐጂ አስራ ስድስት ዓመት ነድቷል። ከጎማዋ እስከ ጣራዋ እንደ ገዛ ልብሱ ያውቃታል፤ ወይም የሚያውቃት ይመስለው ነበር።

የታክሲ ሹፌሮቹ "አሳርፌ" የሚል ስም አውጥተውለታል። የድሬዳዋ ኮንትራት አግኝቶ ሲመለስ፣ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ፣ ጠቋሚዋ የቀዩን ጫፍ ገና ከመንካቷ ይቆማል። ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ ኮፈኖውን ይከፍታል፣ ተሳፋሪውን ጥላ ሥር ያስቀምጣል። በአንድ ዳገት ሁለቴ፣ ፀሐይ የበረታ ቀን ሦስቴ ያሳርፋታል። ጓደኞቹ ጥሩምባ እየነፉበት ያልፉታል። እሱ አይሰማቸውም። በ1991 ዓ.ም.፣ በረመዳን፣ በዚያው ዳገት ላይ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታዋ፣ ተቃጥሎ ሞተሯ ለጥገና ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ለዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቀይ ላይ ነድቷት አያውቅም።

አሁን ግን ዳገት በሌለበት፣ ፀሐይ ባልወጣበት፣ ጠቋሚዋ ቀይ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ካሳረፋት መሥራት አይችልም፤ ካላሳረፋት ደግሞ ያ የቀድሞው ነገር ሊደገምበት ነው።

ከሸዋ በር ጀርባ፣ ከግንቡ ውጭ፣ የወርቁ ጋራዥ አለ። ወርቁ ከፔጆ ጋር ያረጀ መካኒክ ነው። ከዚያ ማለዳ በፊት በነበረው ቀን፣ ከሞተሩ ራስ ላይ ተሰክታ ሙቀቱን ለጌጁ የምትነግረው ትንሿ የነሐስ ሴንሰር ውሃ ማንጠባጠብ ስለጀመረች፣ አሮጌዋን ጥሎ ከድሬዳዋ የመጣች አዲስ የገጠመላት እሱ ነበር።

"ቴርሞስታቱ ይሆናል" አለ ወርቁ። አወጣው፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲከተው እንደሚገባው ተከፈተ። መልሶ ገጠመው።

"ራዲያተሩ ተደፍኖ ይሆናል" አለ። አወረደው፤ በጎማ ቧንቧ ውሃ ሲለቅበት በአንዱ በኩል የገባው በሌላው ኩልል ብሎ ወጣ።

ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አጠበቀ። አዲሷን ሴንሰር በሌላ አዲስ ቀየረ። ሁሉ ነገር ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሳ፣ ጠቋሚዋ ቀስ እያለች ወጥታ ቀዩ ላይ አረፈች።

በሦስተኛው ቀን ጋራዡ ውስጥ የተሰበሰበው ሹፌር ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ቴስታታው በስውር ተሰንጥቋል፣ ለዚህ ነው እንፋሎት የማይታየው አለ። ሌላው ቴርሞስታት የሚባለውን ነገር ጨርሶ አውጥተህ ጣለው፣ ለኛ አገር አልተሠራም አለ። ሦስተኛው ደግሞ ጌጁ ላይ የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ለጥፍበት፣ ካላየኸው አያሞቅህም ብሎ አሳቀ። ሙሐዲን አልሳቀም። ሁሉም ነገር እውነት ይመስለዋል፤ ሁሉም ነገር ውሸት ይመስለዋል። ቤቱ ገብቶ ምሳ ሲቀርብለት ሚስቱ ሐዋ፣ "ምን እያልክ ነው?" አለችው። ሳያውቀው ከራሱ ጋር ሲከራከር ኖሯል።

በማግስቱ ለባለቤቶቹ ሊናገር ወደ ጀጎል ሄደ። ሐጂ ኢስሓቅ እንደ ልማዳቸው ምንጣፍ በተነጠፈበት መደብ፣ ነደባው ላይ፣ ትራሳቸውን ተደግፈው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው አሸልበዋል። ሊቀሰቅሳቸው አልወደደም። ልጃቸው ኑሰይባ ግቢው ውስጥ የተማሪ ደብተር ታርማለች። ኑሰይባ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ አባቷ ከደከሙ ወዲህ የመኪናውን ነገር የምትከታተለው እሷ ናት።

ሙሐዲን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገራት። ደብተሩን ዘግታ እስኪጨርስ ሰማችው።

"ኦቦ ሙሐዲን" አለች፣ "ሁለት ተናጋሪ ነው ያለዎት። ሞተሩ አንድ ነገር ይናገራል፣ ጌጁ ሌላ። እስካሁን የለወጣችሁት ሁሉ ጌጁ እውነቱን ነው ብላችሁ ነው።"

"እውነቱን ነው ብዬማ ነው ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት።"

"እንግዲህ ሦስተኛ ምስክር እንጥራ። ነገ ጠዋት ክፍል የለኝም፤ ከላብራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ እመጣለሁ።"

በነጋታው ኑሰይባ ረጅሙን የመስታወት ቴርሞሜትር በፎጣ ጠቅልላ ወርቁ ጋራዥ መጣች። ሞተሩን አስነስተው ጠቋሚዋ ቀይ እስክትገባ ጠበቁ። ወርቁ የራዲያተሩን ክዳን በጥንቃቄ ከፈተ፤ ኑሰይባ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ አስገብታ ጎንበስ ብላ አነበበች።

"ሰማንያ ሁለት።"

"ሰማንያ ሁለት ጤና ነው" አለ ወርቁ። ጌጁ ላይ የቀዩ መጀመሪያ ከመቶው መስመር በላይ ነው። "እንዲያውም ደህና ጤና ነው።"

ሙሐዲን አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ጠቋሚዋን አየ፣ ወጥቶ ቴርሞሜትሩን አየ፣ መልሶ ጠቋሚዋን አየ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሞተሩ ደህና ነው። ደስታው ግን አልመጣለት አለ፤ የቆመበት መሬት የተነቃነቀ ነው የመሰለው። እንግዲያ በእነዚያ ዳገቶች ሁሉ ሲቆም ምን እያሳረፈ ነበር?

"አሁን ሽቦዋን ከሴንሰሩ ላይ ንቀላት" አለች ኑሰይባ ለወርቁ። "ሽቦዋ ብቻዋን ስትሆን ለጌጁ የሚነግረው የለም። ጠቋሚዋ ታች መተኛት አለባት።"

ወርቁ ሞተሩን አጥፍቶ ሽቦዋን ነቅሎ አየር ላይ አንጠለጠላት። ሙሐዲን ቁልፉን ግማሽ አዞረ። ጠቋሚዋ ከተኛችበት ተነሳች። ቀስ ብላ ወጣች፣ የጌጁን ሢሶ ያህል አልፋ ቆመች።

ወርቁ የሽቦዋን ባዶ ጫፍ ጎንበስ ብሎ ዳግመኛ አየ።

"ማን እየነገራት ነው?" አለ ሙሐዲን።

"ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ከቦዲው ጋር ይነካካ ይሆናል" አለ ወርቁ። "ግን እሱ ቢሆን ጭራሽ ላይ ድረስ ነው የምትፈናጠረው። ሢሶ ላይ ቆማ የምትቀር... እኔ እንዲህ ዓይነት አይቼ አላውቅም።"

ሙሐዲን በከንፈሩ አዑዙ ቢላህ አለ። ኑሰይባ ሰምታው ፈገግ አለች፤ ግን እሷም ግንባሯን ቋጥራ ነበር።

ሽቦዋን ከሞተሩ ጀምረው በእጃቸው እየዳበሱ ተከተሏት። በሞተሩ ክፍል ውስጥ እስከ መጨረሻው ደህና ናት። የብረቱን ግድግዳ በምታልፍበት ቀዳዳም ደህና ናት። ወርቁ ካቻቢቴውን ይዞ በጀርባው ተንጋሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ውጭ ቀርቶ ለረጅም ጊዜ ሲቆፍር ቆየ።

"አንድ ነገር አለ" አለ ከውስጥ። ድምፁ ተለወጠ። "ባትሪ ስጡኝ።"

ኑሰይባ የእጅ ባትሪውን አቀበለችው።

"ሽቦዋ ላይ ቅጥያ ተበይዷል። ከመካከሏ አንድ ሌላ ሽቦ ወጥቶ ወደ ቦዲው ሄዷል። መካከሉ ላይ ደግሞ... ይሄ የሬዲዮ ዕቃ ነው። ሬዚስታንስ ነው።"

ቆርጦ አወጣትና ሙሐዲን መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። የባቄላ ፍሬ የምታክል፣ በቀለም የተሸነተረች ትንሽ ነገር ናት። ሁለቱም ጫፏ በሊድ በጥንቃቄ ተበይዷል፤ በላዩ ናስትሮ ተጠቅልሎ ሲያበቃ ጫፉ እንዳይላቀቅ በሰም በተነከረ ክር ታስሯል።

"ምን ታደርጋለች?" አለ ሙሐዲን።

ኑሰይባ አንስታ አየቻት። "ሴንሰሩ ሲሞቅ መንገዱን ለኤሌክትሪኩ ያሰፋለታል፤ መንገዱ በሰፋ ቁጥር ጠቋሚዋ ትወጣለች። ይቺ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሁለተኛ መንገድ ናት። ስለዚህ ጌጁ ምንጊዜም ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ከአሮጌው ሴንሰር ጋር ትንሽ ነበር የምትጨምረው። አሮጌው በዕድሜ ደክሞ ዝቅ አድርጎ ይናገር ስለነበር ነው፤ አዲሱ ልኩን ስለሚናገር አሁን በዛ።"

ወርቁ ሴንሰሯን ፈትቶ አወጣት፣ ሰውነቷን በሽቦ ከመኪናው ቦዲ ጋር አሰራት፣ ሽቦዋንም መልሶ አገናኝቶ ሻይ የሚያፈላበት ብረት ድስት ውስጥ አንጠለጠላት። ውሃው ሲንተከተክ ጠቋሚዋ ከመቶው መስመር ትንሽ ዝቅ ብላ ቆመች።

"ይኸው አሁንም ትዋሻለች" አለ ወርቁ። "የሚፈላ ውሃ መቶ ነው።"

"ባሕር ዳርቻ ላይ ነው መቶ የሚሆነው። ሐረር ከፍታ ነው።" ኑሰይባ ቴርሞሜትሩን ድስቱ ውስጥ ከተተች። "ዘጠና አራት። አየህ፣ አሁን እውነቷን ነው።"

ወርቁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሙሐዲን ዞረ። "ፋብሪካ የሠራው አይደለም ይሄ። ስህተትም አይደለም። ሰው አስቦበት፣ ለክቶ፣ ከዓይን ሰውሮ የገጠመው ነው። ሐረር ውስጥ ናስትሮውን በሰም ክር የሚያስር ደግሞ አንድ ሰው ነው የማውቀው።"

ሙሐዲንም ያውቀዋል። ሬዲዮ ጠጋኙ ኪዳነወልድ ነው።

ኑሰይባ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ሙሐዲን ሬዚስታንሷን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ በእግሩ ወደ ጀጎል ገባ። የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀሮች ከግራና ከቀኝ በሚንጫጩበት መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ፣ ከሁለት ሰፊዎች መካከል የተሸጎጠች የኪዳነወልድ ሱቅ አለች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የአንድ ቴፕ ሆድ ከፍተዋል።

"ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ይቺን ያውቋታል?"

ኪዳነወልድ መነጽራቸውን አወረዱ። ክሩን ሲያዩ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ዝቅ አለ።

"ተገኘች?" አሉ።

"ተገኘች። ማን ነው ግጠሙልኝ ያለዎት?"

"ባለቤቱ ነዋ። ሐጂ ኢስሓቅ። ሞተሩ ታድሶ የገባ ሰሞን ነው። ያንተ መኪና ከመሆኗ በፊት የሳቸው ናት፤ እምቢ ልላቸው አልችልም።"

ሙሐዲን የቀረበለት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። "ለምን አሉ?"

ኪዳነወልድ የመበየጃ ብረታቸውን ከሶኬት ነቀሉ።

"መጀመሪያ የመጡት ለዚህ አልነበረም" አሉ በመጨረሻ። "ጌጁንና ሴንሰሩን በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡ። 'ሹፌሬ ጠቋሚዋ ምንም አላሳየችም ብሎኛል፤ ይህ ዕቃ መበላሸቱን እይልኝ' አሉኝ። እኔም አየሁት። በሙቅ ውሃ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ፈተንኩት። ደህና ነበር፣ ሙሐዲን። አንድ እንከን አልነበረውም። እንደዚያው ነገርኳቸው።"

"እሳቸውስ?"

"አሁን አንተ የተቀመጥክበት ላይ ተቀመጡ። ዙህር አዛን እስኪል ድረስ ጌጁን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ፣ 'ቀድማ እንድትቀላ ማድረግ ትችላለህ?' አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። ሌላ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።"

ሙሐዲን አመስግኖ ወጣ። በየት በኩል እንደሄደ አላስተዋለም። ጊደር መጋላ ገበያ ደርሶ የማሽላ ሻጮቹ ጆንያ መካከል ቆሞ ራሱን አገኘው። አንዲት ሴት "ትገዛለህ ወይስ ታልፋለህ?" ስትለው ነው የነቃው።

ሞተሩ የተቃጠለበትን የዚያን ቀን ነገር ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለሐዋም ጭምር። የረመዳን አስራ ሰባተኛ ቀን ነበር። ድሬዳዋ ሰው አድርሶ ባዶውን ሲመለስ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ሐዋ አዲስ አራስ ናት፤ ለኢፍጣር ቤቱ፣ እሷና ልጁ ጋ፣ ሊደርስ ተመኘ። ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበረውም። ደንገጎ ዳገት መሃል ላይ ጠቋሚዋ ቀይ ስትገባ አየ። በደንብ አየ። ትንሽ ናት፣ አናቱ ላይ ስደርስ ትቀዘቅዛለች አለ። ቀዩ መጨረሻ ላይ ስትለጠፍ አሁንም አየ። ማርሽ ቀንሶ ቀጠለ። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር አንኳኳ፣ ነጭ ጭስ ኮፈኖውን ሸፈነው፣ መኪናዋም ቆመች። አዛኑን የሰማው መንገድ ዳር ቆሞ ነው።

ሐጂ ፊት ቀረበ። "ጠቋሚዋ ምንም አላሳየችም፣ ሐጂ። ከመሃል አልተነቃነቀችም" አለ። ሐጂም ለረጅም ጊዜ አይተውት፣ "የአላህ ነው። ሰው ተርፏል፤ የቀረው ብረት ነው" አሉት፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። ሞተሩ በተሠራበት አርባ ቀን ውስጥ ለአራሷ ዱቄትና ቅቤ ከቤታቸው ይላክ ነበር። መኪናዋ ስትወጣ ቁልፏን በገዛ እጃቸው ሰጡት። ሙሐዲን ያን ቀን ለዚህ ሰው እስክሞት እነዳለሁ ብሎ ማለ።

አሁን ግን ያ ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። ቁልፉን ሲሰጡት ሬዚስታንሷ ተገጥማ ነበር? ወይስ ሰጥተውት ኋላ ነው ያስገጠሙት? ፈገግ ብለውት ነበር፤ ያ ፈገግታ ምን ነበር? መዋሸቱን እያወቁ፣ ዘጠኝ ዒድ ሙሉ አብረውት ሲበሉ፣ የትልቋ ልጁ ኒካህ ላይ ከጎኑ ሲቀመጡ፣ ምን እያሰቡ ነበር? ሙሐዲን ሊቆጣ ሞከረ፤ ቁጣው ያዝ ሲያደርገው ሐፍረት ሆነበት። ሊያፍር ሲል ደግሞ መልሶ ቁጣ ሆነበት። ፍጹም የታለለ ሰው ነው፤ ግን ቀድሞ ያታለለው እሱ ነው።

ከሰዓት ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ቤት ገባ። ነቅተው ነበር። በነደባው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ሬዚስታንሷን አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጣት።

ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩዋት። "ምንድን ናት?"

"ከመኪናዋ ነው የወጣችው፣ ሐጂ። ኪዳነወልድ ያስገባት።"

አዛውንቱ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። አንዳንድ ቀን የልጆቻቸውን ስም ያምታታሉ። ዛሬ ግን ዓይናቸው ጥርት ብሎ ነበር።

"ረስቻት ነበር" አሉ።

"ሐጂ፣ ያን ቀን ጠቋሚዋን አይቻታለሁ። ቀይ ስትገባ አይቻታለሁ። ዋሽቼዎታለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ማወቅዎን ዛሬ አወቅሁ።"

ከግቢው የደብተር ገጽ ሲገለበጥ ይሰማል፤ ኑሰይባ ከትምህርት ቤት ተመልሳለች።

"ከኪዳነወልድ ሱቅ ስወጣ ላባርርህ ነበር" አሉ ሐጂ። "ተናድጄ ነበር። ስለ ሞተሩ አልነበረም። ሰው ሁሉ ፊት አውፍ፣ ይቅር፣ ብዬህ፣ ለካ ይቅር ያልኩት ውሸት ላይ ነው። ቤት ስደርስ ሐዋ ሕፃኑን አዝላ ዱቄቱ ደረሰልን ብላ ልታመሰግን መጥታለች። ምን እላታለሁ? ዝም አልኩ። ከዚያ ለራሴ፣ በሳምንት መጥቶ ይነግረኛል አልኩ። ሳምንት ጠበቅሁ። በወር ይነግረኛል አልኩ። ዒድ አለፈ። ከዚያ መጠበቄንም ረሳሁት።"

"ታዲያ ቁልፉን ለምን ሰጡኝ?"

"ሌላ ሹፌርስ ይዋሸኝ የለም ወይ?" ብለው ትንሽ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉት። "አይ። ይሄ መልስ አይደለም። አላውቅም፣ ሙሐዲን። በመኪናው አላመንኩህም። እሷን ለማዳን ነው ያስገጠምኩት፤ የልጆቼ እንጀራ ናት። ግን በዚያው ዓመት ኑሰይባ ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አርብ አርብ የምታመጣት፣ እሑድ የምትመልሳት ማን ነበር?"

"እኔ ነበርኩ።"

"አራት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ አልሰጋሁም። ልጄን አምኜ ሰጥቼህ ብረቱን አላመንኩህም። አንተ ታስረዳኝ እንደሆነ አስረዳኝ፤ እኔ ራሴም አልገባኝም።"

ሙሐዲን ወደ እግራቸው ዝቅ አለ። "አውፍ ይበሉኝ" አለ።

"ያኔ ብዬሃለሁ።"

"ያኔ እውነቱን ሳልነግርዎት ነው።"

"እንግዲያ አሁንም ብያለሁ። አንተም በለኝ።"

ሙሐዲን ቀና ብሎ አያቸው። ሰማንያን ያለፉት ሽማግሌ፣ ሐጂ ኢስሓቅ፣ ይቅርታ ከሱ ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ቃል ለእንዲህ ያለ ሰው ተብሎ ያውቃል? በመጨረሻ እጃቸውን ይዞ ሳመ፤ ቃሉ አልወጣውም። እሳቸውም አልወተወቱትም። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ሲከድኑ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወጣ።

ኑሰይባ በሩ ጋ ጠበቀችው። ሁሉንም ሰምታለች።

"ኦቦ ሙሐዲን፣ ወርቁ ያቺን ነገር ልመልሳት ወይስ ልተዋት ብሎ ጠይቋል። የሚነዱት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይወስኑ።"

"አባትሽስ?"

"አባቴ እርስዎ ዞር ሲሉ ሬዚስታንሷን አንስቶ የጥርስ መፋቂያ ዕቃው ውስጥ ከቷታል። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።"

ሙሐዲን ይተዋት አለ።

ከዚያ ወዲህ ጠቋሚዋ መሃል ላይ ትውላለች። የሙሐዲን ልብ ግን ቶሎ አላረፈም። በመጀመሪያው ሳምንት መሃል ላይ ማየቷ ራሱ ያስፈራው ነበር፤ ሞቃ ሳለ ዝም ያለች እየመሰለው በአውራ ጎዳናው ላይ እየቆመ ራዲያተሩን ይዳብስ ነበር። ደንገጎ ላይ ከእንግዲህ የት መቆም እንዳለበት የሚነግረው የለም። ራሱ እየገመተ፣ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይቆማል፤ አንዳንዴ ሳይቆም አናቱ ላይ ይደርሳል፤ የትኛው ልክ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም። ለሐዋ በሦስተኛው ቀን ነገራት። ሰምታው ስታበቃ፣ "ለኢፍጣር ልትደርስ ብለህ?" ብላ ጠየቀችው። አዎ ሲላት ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ተቆጥታ ይሁን አልቅሳ ይሁን አላወቀም።

መጋቢት ላይ ሐጂ ኢስሓቅ አየር ልቀበል አሉ። ኑሰይባና ሙሐዲን ደግፈው ከፊት ወንበር አስቀመጧቸው፤ እሷ ከኋላ ገባች። በቀስታ እስከ ሐማሬሳ ወጡ። ሜዳው ገና አልለመለመም፤ ገበሬዎች ከአህያ ኋላ እየተራመዱ ሰላም ይሏቸዋል፤ ሐጂም እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ይመልሳሉ።

"ደህና ናት?" አሉ ሐጂ በመሃል።

"ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።"

አዛውንቱ ወደ መሪው ዘንበል ብለው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ በእሱ በኩል ያለውን ነገር ለማየት ዓይናቸውን አጠበቡ። ጌጁን ነበር የሚያዩት፣ ወይስ ከመስኮቱ ማዶ የሚያልፉትን ግመሎች፣ ሙሐዲን መለየት አልቻለም። አሁንም አያምኑት እንደሆነ ሊጠይቃቸው አፉን ከፈተ። ሐጂ ግን ተመልሰው ወንበሩን ተደግፈው፣ "በዚህ በኩል እንመለስ" አሉት። እሱም መሪውን አዞረ።